ስንዱና የብርሃን ፍጥነት

በእኔ ላይ የደረሰ መከራ ሁሉ የገባው በአፌ በር ነው። ሌላው ሰው በዐይኑ ይታለላል፣ በሆዱ ይደለላል፤ እኔ ሁለቱንም በደኅና አልፌ በአፌ ተያዝኩ። አፌ ከእኔ ቀድሞ የሚጓዝ ነው። እግሬ ገና ከንፋስ መውጫ መናኸሪያ ሳይነሣ፣ እሱ ደብረ ታቦር ገብቶ አስተያየት ይሰጣል። ዛሬ የማወጋችሁም አንድ ቀን የሰጠው አስተያየት ያመጣብኝን ጣጣ ነው።

ንፋስ መውጫ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ኢንተርኔት ወደ ትምህርት ቤታችን በገባ ሰሞን፣ የየወረዳው የፊዚክስ መምህራን ደብረ ታቦር ላይ ተሰብስበን ነበር። ስብሰባውን የሚመሩት ጸጉራቸው የሸበተ፣ ጨዋ የትምህርት ባለሙያ ናቸው። «ተማሪ ስለ አንጻራዊነት ሲጠይቀን ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እንሸሻለን» ብለው አዘኑብን። አንጻራዊነት ማለት ያ ስለ ብርሃንና ስለ ጊዜ የሚያወራው የፊዚክስ ክፍል ነው፤ እጅግ በጣም ለሚፈጥን መንገደኛ ሰዓቱ ይዘገያል የሚለው። ሃምሳ የሚሆን መምህር አንገቱን ደፍቶ ደብተሩ ላይ አበባ ይስላል። እኔስ አበባዬን እየሳልኩ ብቀጥል ምን ነበረበት?

«ኧረ እሱማ ቀላል ነው!» አለ አፌ።

ሃምሳ አንገት ባንዴ ዞረ። ባለሙያው ፊታቸው በራ።

«እግዚአብሔር ይስጥልን! እንግዲያውስ ከሁለት ወር በኋላ ስንገናኝ መምህር ያቀርቡልናል» አሉና ስሜን ጻፉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል የአገሬ ሰው። የእኔው ከአፋፍም አልፎ ቃለ ጉባኤ ገባ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንጻራዊነትን ተምሬያለሁ። ነገር ግን ውሃን በእፍኝ እንደሚይዝ ሰው እስከ ፈተናው በር ድረስ ተሸክሜው ሄድኩ፤ ወረቀቱ ላይ አፈሰስኩት፤ እጄን ጠራርጌ ወጣሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረችው «ብርሃን ለሁሉም ተመልካች እኩል ይፈጥናል» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ እሷም ለምን እዚያ እንደቀረች አታውቅም።

በሚኒባስ ስመለስ ጭንቀት ያዘኝ። ቢያንስ ከመሠረቱ ልጀምር ብዬ፣ «በሚጓዝ መኪና ውስጥ ወደ ላይ የተወረወረ ነገር ተመልሶ እጅ ላይ ይወድቃል» የሚለውን ለመሞከር ከፌስታሌ አንድ ሎሚ አወጣሁ። መጽሐፉ እንዲህ የሚለው ግን መኪናው ፍጥነቱን ሳይለውጥ ሲሄድ ነው። የእኛ ሾፌር ሎሚዬ አየር ላይ ሳለ ላም ገባበትና ፍሬኑን ረገጠ። ሎሚው ወደፊት ተወንጭፎ ከፊቴ በተቀመጡት ቄስ ጥምጣም እጥፋት ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

ቄሱ ቀስ ብለው ዞሩ። «ምነው ልጄ፣ ደኅና ነህ?»

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ፤ ሳይንስ ነው።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ሳይንሱን ግን ከራሴ ላይ አንሣልኝ።»

ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ለአምሳል ነገርኳት። አምሳል ነገር አታበዛም። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

በማግስቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ መፍትሔ ነገረኝ። ውጭ አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ትምህርት በኢንተርኔት፣ ያለ ክፍያ፣ በቪዲዮ ያስተምራል አለኝ። ስድስት ሳምንት ነው፤ መጨረሻ ላይ ፈተና አለው። ደስ ብሎኝ ልፈነጥዝ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር በትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያለው የስንዱ ክፍል ነው።

ስንዱ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት። ያኔ ሠላሳዎቹን አጋምሳለች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የመምህራኑን ፈተና በሙሉ የጻፈች እሷ ናት፤ የሒሳቡን፣ የታሪኩን፣ የባዮሎጂውን፣ የእንግሊዝኛውን። እኛ የዶሮ ጭረት የመሰለ ወረቀት ወርውረንላት እንሄዳለን፤ ከሁለት ቀን በኋላ ያማረ ፈተና ይወጣል። እንዴት እንደሚወጣ የጠየቀ ሰው የለም። ውሃ ከቧንቧ ሲወርድ ማን ይጠይቃል? ሲቋረጥ ነው እንጂ!

«ይቻላል መምህር» አለችኝ ስለምናት። «አታሚውን አይነኩም፣ ወንበሬ ላይ አይቀመጡም፣ ሥራ ሲመጣ ይነሣሉ።»

በሦስቱም ማልኩ። ለመመዝገብ ስቀመጥ ግን ኮምፒውተሩ «ሮቦት አለመሆንህን አስመስክር» አለኝ። የተደረደሩ ሥዕሎች አመጣና የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ምረጥ አለ። እኔ ጋይንቴው የትራፊክ መብራት ከየት ላምጣ? እኛ ዘንድ መንገድ የምታስቆመው ላም ናት። አንዴ የመብራት ምሰሶ መረጥኩ፣ አንዴ የሱቅ ማስታወቂያ፣ አንዴም የማላውቀው ሰውዬ። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። ማሽኑ ሮቦት መሆኔን አምኖ ሊደመድም ሲል፣ ስንዱ ከማዶ ሳትነሣ አንገቷን አስግጋ «ያቺ፣ ያቺ፣ ያቺኛዋም ጥጓ ታይታለች» አለችኝ። ሰው መሆኔ የተረጋገጠው በእሷ ምስክርነት ነው።

ትምህርቱ ተጀመረ። ፕሮፌሰሩ ራሰ በራ፣ ሳቂታ፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ኔትወርካችን ግን ከእሱ ጋር አልተስማማም። «እንግዲህ ጊዜ የሚዘገየው…» ይላል፤ አፉን እንደከፈተ ይደርቃል። መሐል ላይ ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከራለች። ለሃያ ደቂቃ የሰውዬውን ጉሮሮ አያለሁ። ከዚያ «…ለዚህ ነው!» ብሎ ይነሣል። ለምን እንደሆነ የተናገረበትን ክብዋ በልታዋለች። የጆሮ ማዳመጫ ስላልነበረኝ ድምፁ የሚወጣው ለክፍሉ ሁሉ ነው። ስንዱ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትጽፋለች። የምትሰማ አልመሰለኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ፕሮፌሰሩ እንደ ልማዱ አፉን ከፍቶ ሲደርቅብኝ፣ ተስፋ ቆርጬ «አሁን ይሄ በምን ምክንያት ይዘገያል?» ብዬ ለራሴ አጉረመረምኩ።

«መንገዱ ስለሚረዝም ነዋ» አለች ስንዱ። ጣቶቿ አልቆሙም።

«ማን? የምኑ መንገድ?»

«የብርሃኑ። ትናንት ነግሮዎት አልነበር?»

ዞርኩ። «አንቺ ይሄን የት ተማርሽው?»

«እዚሁ። እርስዎ አይደሉ በየቀኑ የሚከፍቱት?»

አላመንኳትም። ሽምደዳ ይሆናል ብዬ ተጠራጠርኩ፤ የራሴን ሙያ አውቀዋለሁና። «እስቲ አስረጂኝ» አልኳት፣ ልክ ተማሪ እንደማስጨንቅ።

ጽሑፏን አቆመች። ወደ ጥጉ ሄዳ፣ ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠውን አሮጌ የጽሕፈት መኪና ገለጠች። ነጭ ወረቀት አጎረሰችው። እርሳስ ይዛ ወረቀቱ ላይ ከታች ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ ሰነዘረች። ቀጥ ያለ መሥመር ወጣ።

«አሁን ያንን ብረት ወደ ጎን ይግፉልኝ» አለችኝ፤ ወረቀቱን ይዞ የሚሄደውን ማለቷ ነው። እኔ ገፋሁ፤ እሷ እጇን እንደ ቅድሙ ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ሰነዘረች። ወረቀቱ ላይ ጋደል ያለ ረዥም መሥመር ወጣ።

«አዩ? እጄ ያደረገው አንድ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወጣ። ወረቀቱን ከጠየቁት ግን ‹አይደለም፣ ተንጋዶ ነው የሄደው፣ መንገዱም ረዝሟል› ይልዎታል። እጄ ብርሃን ቢሆንስ? ብርሃን ለማንም ብሎ ፍጥነቱን አይጨምርም። ታዲያ በወረቀቱ ዘንድ ያንን ረዥም መንገድ በምን ይጨርሰዋል?»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ፕሮፌሰሩ እንኳ እንደዚያ ደርቆ አያውቅም።

«በረዥም ጊዜ ነዋ!» አለች። «ቁመቱንና ጎኑን ካወቁ የጋደለውን መሥመር ርዝመት የሚያወጡት በሦስት ማዕዘኑ ሕግ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ያለው። ቀመሩ ከዚያ ይወጣል።»

ዐሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ወጥቼ፣ ዓመታት አስተምሬ፣ ያ ቀመር ከሰማይ የወረደ ይመስለኝ ነበር። ከጽሕፈት መኪና እንደሚወጣ ማን ነገረኝ!

«ስንዱ» አልኳት፣ ድምፄ አንሶ፣ «የእኔን ፈተናዎች ስትጽፊ… ታነቢያቸዋለሽ?»

ትንሽ አፈረች። «አንዳንዴ። ባለፈው ጥያቄ ዐሥራ ሰባት መልሱ ከአራቱም ምርጫ አልነበረም። ‹ሐ›ን አስተካክዬዋለሁ። አይቆጡኝም ብዬ ነው።»

የኋላ የኋላ ስንጫወት ሰማሁ። የኬሚስትሪውንም የሒሳቡንም ስህተት ለዓመታት ስታርም ኖራለች። እኛ መምህራን ፈተናችን እንከን የለሽ መሆኑን እያየን ደረታችንን ስንነፋ፣ እንከኑ ስንዱ ጠረጴዛ ላይ ይቀር ነበር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰችው በጥሩ ተማሪነት ነው። የመልቀቂያ ፈተናው ሳምንት ግን አባቷ ታመው ተኙ፤ ከሁለቱ ፈተናዎች ቀረች፤ ውጤቷ አልበቃም። ታይፕ ተማረች፣ ተቀጠረች። «በቃ፣ እንዲህ ሆነ» ብላ ነው የነገረችኝ፤ ያለ እሮሮ።

በዚያው ቀን እሷንም በስሟ አስመዘገብኳት። የትራፊክ መብራቶቹን ባንዴ ለቀመቻቸው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ። እኔ የማነበው ጮክ ብዬ ነው፤ ልማድ ነው፣ መምህር ነኝ። አንድ ቀን ስንዱ ለወረዳው የሚላክ የስብሰባ ጥሪ ትጽፋለች፤ እኔ ከጎኗ ትምህርቱን እያነበነብኩ ነው። ጆሮዋ የሰማውን ጣቷ ጻፈው። በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ስህተቷ ነበር። ርእሰ መምህሩም ሳያነቡ ፈረሙ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፤ «ስብሰባው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በማይንቀሳቀስ ተመልካች ዘንድ ይጀመራል።»

በሦስተኛው ቀን ማኅተም ያረፈበት መልስ መጣ። «የማይንቀሳቀሰው ተመልካች ከየትኛው ጽሕፈት ቤት የሚወከል መሆኑ ተገልጾ እንዲላክልን በትሕትና እንጠይቃለን።»

ርእሰ መምህሩ ሁለታችንንም አስጠሩን። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል። «ይሄ ተመልካች ማነው?» አሉ ወረቀቱን እያራገቡ። ስንዱ ‹ጥፋቱ የእኔ ነው› ልትል ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ቀደምኳት፤ አፌ ለአንድ ቀን እንኳ ይጥቀም ብዬ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጌታዬ። ተመልካቹም የለም፤ ለትምህርቱ የታሰበ ሰው ነው።»

«የሌለ ሰው በደብዳቤ ትጋብዛላችሁ?» ጮኹ። «ከእንግዲህ በሥራ ሰዓት ያ ኮምፒውተር ለመንግሥት ሥራ ብቻ ነው! ጨርሻለሁ!»

ወጣን። እኔ በቃ አከተመ ብዬ፣ ባለሙያው ዘንድ ቀርቤ «ታምሜ ነበር» ስል በሐሳቤ እየተለማመድኩ ነው። ስንዱ ግን ደጁ ላይ ቆም አለችና ተመልሳ ገባች። በዚያ ሁሉ ዓመት ለራሷ አንድ ነገር ጠይቃ የማታውቅ ሰው በሩን አንኳኳች። ከደጅ ሆኜ ሰማኋት፤ «በሥራ ሰዓት አሉ እንጂ ከሥራ ሰዓት በፊት አላሉም። በማለዳ እየመጣሁ ብከፍትስ?» «ጸሐፊ ናት ብዬ ጠበቃ ቀጥሬያለሁ እንዴ!» አሉ ርእሰ መምህሩ። ፈቀዱ።

ማለዳ መማር ጀመርን። ንፋስ መውጫ ስሟን በዋዛ አላገኘችም፤ ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፣ ሣሩ ላይ ውርጭ እንደ ጨው ተነስንሷል። ስንዱ ግን ከእኔ ቀድማ ትገኛለች፤ ጋቢዋን ደርባ፣ ጣቶቿን በትንፋሿ እያሞቀች፣ ቪዲዮውን ቀድማ ከፍታ። በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ስለማይጠቀም ኔትወርኩም ይሻላል። ፕሮፌሰሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ ዘጋ።

አገር ግን ዐይን አለው። «መምህሩ ጎሕ ሲቀድ ጸሐፊዋ ክፍል ይገባል» የሚል ወሬ ገበያ ወርዶ አምሳል ጆሮ ደረሰ። አምሳል እንዳልኳችሁ ነገር አታበዛም። አንድ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች፤ በሩ ላይ ቆመች። እኛ አላየናትም፤ እየተጨቃጨቅን ነው።

«ካሬ ሳያደርጉ ነዋ ከሥሩ ያወጡት!» ትለኛለች ስንዱ ጠረጴዛውን እየመታች።

«አድርጌያለሁ! ይኸው! ይኸው ካሬው!»

«እሱ ካሬ አይደለም፣ የሻይ ጠብታ ነው!»

አምሳል ጉሮሮዋን ጠረገች። ሁለታችንም ደነገጥን። እኔ ላስረዳ ስንተባተብ በእጇ አስቆመችኝ፤ ወረቀቱን አየች፣ ስንዱን አየች፣ እኔን አየች።

«ዐሥራ አምስት ዓመት በትዳር ስንኖር አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አልጮኽክብኝም» አለችኝ። «እንዲህ እየተነታረከ የሚማግጥ ሰው አላየሁም። ቀጥሉ።» በማግስቱ ለሁለታችን ዳቦ ቋጥራ ላከችኝ። ትልቁ ቁራሽ የስንዱ መሆኑንም ነገረችኝ።

ስድስተኛው ሳምንት ደረሰ። ፈተናውን ለየብቻ፣ በተለያየ ቀን፣ ተፈተንን። እኔ አንዴ ወደቅሁ፣ በድጋሚ ለጥቂት አለፍኩ። ስንዱ ከመጀመሯ በፊት እጇን በጋቢዋ ጠረገች።

«ምነው ፈራሽ?» አልኳት።

«ዐሥራ ሁለት ዓመት ጥያቄ ስጽፍ ኖርኩ» አለች። «መልስ ጻፊ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ለዚያ ነው።»

ወጣሁና ደጅ ቆምኩ። ዘበኛው ምጥ የያዛት ሚስት ያለችኝ መስሎት ወንበር አመጣልኝ። ስትጨርስ ጠራችኝ። ከአንድ ጥያቄ በቀር ሁሉንም በትክክል መልሳለች። እኔ ልዘል ስል እሷ ግን ያችን አንዷን አፍጥጣ ታያታለች።

«ይቺ ጥያቄ ትክክል አይደለችም» አለች።

«ተዪ ስንዱ፣ ያወጡት እኮ ፕሮፌሰሮች ናቸው።»

«ይሁኑ። የመኪናውን ፍጥነት ማን እንደለካው አልተነገረም። መሬት ላይ ያለው ነው ወይስ ሌላኛው መኪና ውስጥ ያለው?» ተቀምጣ፣ ፈተና ስትጽፍ በለመደችው እንግሊዝኛ፣ አራት መሥመር ጻፈችላቸው። እኔ ስለ እሷ አፍሬ ላቤ መጣ። ከሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ልክ ነሽ፣ ጥያቄውን አስተካክለነዋል፣ እናመሰግናለን ይላል። ውጤቷም ሙሉ ሆነ። እኔ መልእክቱን አምስቴ አነበብኩት፤ እሷ አንዴ አንብባ የዘጠነኛ ክፍልን የጂኦግራፊ ፈተና መጻፍ ቀጠለች።

የደብረ ታቦሩ ቀን መጣ። የጽሕፈት መኪናውን ይዤ መሄድ ነበረብኝ። መኪናው ደግሞ የመንግሥት ንብረት ነው፤ በስንዱ ፊርማ የተያዘ። ርእሰ መምህሩን «ንብረት ያለ ያዡ አይንቀሳቀስም» ብዬ በራሳቸው ደንብ ያዝኳቸው፤ ስንዱ አብራኝ እንድትሄድ ፈረሙ። ሚኒባሱ ውስጥ መኪናውን ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋ ሄደች።

አዳራሹ ውስጥ የጽሕፈት መኪና ተሸክመን ስንገባ ሳቅ ሆነ። «አንጻራዊነቱን በታይፕ ነው የሚያስተምሩን?» አለ አንዱ። አስተማርኳቸው። እኔ ብረቱን እየገፋሁ፣ ስንዱ እርሳሱን እየሰነዘረች፣ የጋደለው መሥመር ሲወጣ ሳቁ ጠፋ። ደብተር ላይ አበባ የሚስል አልነበረም። እኔም የስንዱን ቃል በአፌ እየደገምኩ ሊቅ ሊቅ ሸተትኩ። ማብቃት የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር።

ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የመጣ አንድ ወጣት መምህር እጁን አወጣ። «ሁለት ሰዎች በፍጥነት ቢተላለፉ አንደኛው ‹የእሱ ሰዓት ዘገየ› ይላል፤ ያኛውም ‹የለም፣ የእሱ ነው የዘገየ› ይላል። ታዲያ ማናቸው ናቸው ልክ?»

አፌ ተከፈተ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶውን ተከፈተ። እኛ መምህራን እንዲህ ያለ ቀን የምንሸሸግባት «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ወደፊት እናየዋለን» የምትል ዋሻ አለችን፤ አንድ እግሬ ገብቶ ነበር። ዞር ስል ስንዱ እርሳሷን ይዛ ቆማለች። መልሱን እንደምታውቅ ከዐይኗ አየሁት። ማንም እንደማይጠይቃት አምና መቀመጧንም አየሁት።

«ይህን ወይዘሮ ስንዱ ይመልሱልናል» አልኩ።

ክው አለች። ሃምሳ ባለ ዲግሪ አፈጠጠባት። እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ መልሳ አነሣቻት።

«አንድ ሰው ማዶ ጋራ ላይ ቆሞ ቢያዩት ትንሽ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እሱም ሲያይዎት እርስዎ ትንሽ ነዎት። አልዋሸም፣ አልዋሹምም። ተራርቃችሁ እስካላችሁ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ እየተላለፋችሁ እስከሄዳችሁ ድረስ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።»

«ተመልሰው ቢገናኙስ?» አለ ወጣቱ። «አንደኛው ሄዶ ቢመለስ? ያኔ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም!»

«አይችሉም» አለች፤ አሁን ድምጿ ጠነከረ። «ያኔ ትንሽ ጊዜ ያለፈው በዞረው ሰው ላይ ነው። ዞሮ መመለስ ቀጥ ብሎ እንደመሄድ አይደለም። ማን እንደዞረ ደግሞ መከራከር አያስፈልግም። ከንፋስ መውጫ ስንመጣ የጉናን ጠመዝማዛ ታውቁታላችሁ። የታጠፈው መኪናው ይሁን ተራራው ያልገባው ሰው፣ ማንን አጥወልውሎ እንዳስመለሰው ይይ። ተራራውን አስመልሶት አያውቅም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የጉናን መንገድ የማያውቅ አልነበረምና፣ የገባውም ያልገባውም አጨበጨበ። ወጣቱ ግን አልሳቀም፤ ቶሎ ቶሎ ይጽፍ ነበር።

ባለሙያው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ወይዘሮ፣ የየትኛው ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት ነዎት?»

«መምህርት አይደለሁም ጌታዬ። ጸሐፊ ነኝ» አለች።

ሽማግሌው እኔን አዩኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። ከዚያ ወንበራቸውን ስበው ወደ ፊተኛው ረድፍ አመጡና ተቀመጡ፤ ብዕራቸውንም ከፈቱ።

«እንግዲያውስ ከመጀመሪያው ይጀምሩልን» አሏት። «ከመምህሩ የሰማነው ለጊዜው ይቆየን።»

ከመጀመሪያው ጀመረች። እኔ ብረቱን ገፋሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የተሻለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ስንመለስ መንገዳችን ላይ ያለችው ጋሳይ ከተማ ስንደርስ፣ በመስኮት እያየች «ያን የመልቀቂያ ፈተና እንደገና በግል ልፈተን ነው» አለችኝ። ተፈተነችም። ለዓመታት ፈተና ስትጽፍላቸው በኖረቻቸው ተማሪዎች መካከል፣ እንደ እነሱ እርሳስና ላጲስ ይዛ ተሰለፈች። አንዳንዱ አሾፈ። እሷ ጥያቄዎቹን ስታነብ ስህተት እየፈለገች ጊዜዋን እንዳታባክን ብቻ ነበር የእኔ ስጋት። አለፈች። ባለሙያውም ወረቀቷን ይዘው በየቢሮው ተንከራተቱላት። ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ሄደች።

በሄደች ሰሞን ፈተናዎቻችን ጉድ አፈሉ። ምርጫ የሌላቸው ጥያቄዎች፣ መልስ የሌላቸው ምርጫዎች፣ አንዴም ሁለት «ለ» ያለው የእኔ ጥያቄ። ተማሪው ምን ነካችሁ አለ። እኛ ግን ምን እንደጎደለን አውቀናል።

ከዓመታት በኋላ ስንዱ በዲግሪ፣ የፊዚክስ መምህርት ሆና እኛው ትምህርት ቤት ተመደበች። ክፍለ ጊዜ በሌለኝ ሰዓት ደብተሬን ይዤ የመጨረሻው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ልቆጣጠራቸው የመጣሁ መስሏቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ስለ ብርሃን ስታስተምር አንድ ጥያቄ ጠየቀች። አፌን ታውቁታላችሁ፤ አላስቻለውም። እጄን አውጥቼ በልበ ሙሉነት መለስኩ።

ስንዱ መነጽሯን አወለቀች፤ ጥቂት አሰበች።

«ጥሩ ሙከራ ነው መምህር» አለችኝ። «ይቀመጡ። ሌላ የሚሞክር አለ?»